ኮምፒውተሩ ለምን አይበላሽም?

እሺ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ግን እንዳትስቁብኝ። ማለቴ ሳቁ፣ ግን ቆይታችሁ። እኔ አክስቴን ልጠቅማት ብዬ፣ በቅን ልቤ፣ ትዳሯን ላፈርስባት ምንም አልቀረኝም ነበር። ያውም ገና ያልተጀመረ ትዳር! ያልተጀመረ ነገር ማፍረስ የምችል ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። የጽሕፈት ሱቅ አላት። ሱቅ ስላችሁ አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ የሚያስነጥስ ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ አግዳሚ ወንበር ማለቴ ነው። ከፊት ለፊት ትልቅ መሥሪያ ቤት አለ። ሰዎች እዚያ ይገቡና "ማመልከቻ ይዘህ ና" ይባላሉ፣ ከዚያ መንገድ ተሻግረው አክስቴ ጋ ይመጣሉ። እሷም "ጉዳዩ፦" ብላ ትጀምርላቸዋለች። የሰፈሩ ብሶት በሙሉ በሷ ጣት ነው የሚያልፈው። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለሆንኩ ጠዋት ጠዋት እዚያ ነኝ። ወረቀት እጨምራለሁ፣ ስቴፕል እመታለሁ፣ ወሬ እሰማለሁ። በዋናነት ወሬ እሰማለሁ።

ኮምፒውተሩ በሽተኛ ነበር። በሳምንት አንዴ፣ ሲብስበት ሁለቴ፣ ጠዋት ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ይጽፍና ቀጥ ይላል። በቃ፣ እንደ ግትር ሰው። ያኔ አክስቴ "ውይ፣ ዛሬም?" ትልና ስልኳን ታነሳለች፤ ሐኪሙ ይመጣል።

ሐኪሙ እውነተኛ ሐኪም አይደለም፣ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኛችን ጋሽ ሾፌር ናቸው፤ ለምን መሰላችሁ፣ ሲመጣ መጀመሪያ ጆሮውን ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል! እናቴ ትሙት! ቀጭን ነው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ብሎን መፍቻ አለ። "ትንፋሹ ደህና ነው" ይላል። ከዚያ ከኋላ በኩል ይጎነበሳል፣ የሆነ ነገር ያደርጋል፣ ቀና ይላል፣ ያበራዋል። ይነሳል! ደንበኞቹ ያጨበጭባሉ። እሱ ግን አይሄድም፤ ስለ በሽታው ለማስረዳት ቁጭ ይላል።

"ምን ሆኖ ነው?" ትላለች አክስቴ።

"ድካም ነው። ሥራ ይበዛበታል።"

"እኔም እኮ ይበዛብኛል።"

"ያስታውቅብዎታል... ማለቴ፣ አያስታውቅብዎትም። ምንም አያስታውቅብዎትም።"

ከዚያ ሁለቱም ኪቦርዱን ያያሉ። እንግዲህ ይሄን በገዛ ዓይኔ፣ ስምንት ወር ሙሉ እያየሁ፣ ምንም አልገባኝም! አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስለ ፍቅር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ ለጓደኞቼ ምክር እሰጣለሁ። እዚያ ቁጭ ብዬ ደግሞ "ይሄ ሰውዬ ሥራ የለውም እንዴ?" እላለሁ።

ጋሽ ሾፌርን ላስተዋውቃችሁ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። መሥሪያ ቤቱ የሠሩበትን ዘመን አሳስቶ ስለጻፈባቸው ለማስተካከል ማመልከቻ ያጽፋሉ፤ ማመልከቻው ይመለሳል፤ እንደገና ያጽፋሉ። አግዳሚው ወንበር ላይ የቂጣቸው ቅርፅ ወጥቷል። ኮምፒውተሩ በቆመ ቁጥር ምርመራቸው አንድ ነው፦ "ባትሪው ነው። እኔ ብሆን ገፍቼ አስነሳው ነበር።"

በዚህ መሃል ትምህርት ቤት የቡድን ሥራ ተሰጠን። ርዕሱ "ኮምፒውተር ሲበራ ባዮስ ምን ይሠራል?" የሚል ነው። እኔ ባዮስ የሆነ ቫይረስ ነበር የሚመስለኝ። ግን እምቢ አልልም፣ ምክንያቱም ቡድናችን ውስጥ አንድ ልጅ አለ። ስለሱ አሁን አላወራም። (እሺ፣ ረጅም ነው፣ የትምህርት ቤቱ ኳስ ቡድን ውስጥ ይጫወታል፣ ማልያው ሰባት ቁጥር ነው፣ ሲስቅ አንደኛው ጉንጩ ብቻ ነው የሚሰረጉደው። በቃ፣ አላወራም አልኩ።) እሱ ፊት ደደብ መምሰል አልፈለግኩም፤ ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠንን ወረቀት በሙሉ አነበብኩት።

አንዴ አነበብኩት፣ ምንም። ሁለቴ፣ ምንም። እሁድ ጠዋት ወጥ ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ሳነብ ቀና ስል እናቴን አየኋት። በቃ፣ ቦግ አለልኝ! ባዮስ እናቴ ናት!

አስቡት እስቲ። ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነቃው ባዮስ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ደግሞ ከሁሉ በፊት የምትነሳው እሷ ናት። ሌሎቻችን በድን ነን። ተነስታ መብራቱን ትሞክራለች፤ አለ። ቧንቧውን ትከፍታለች፤ ይመጣል። በየበሩ አንገቷን አስግጋ ልጆቿን ትቆጥራለች፤ ሦስት፣ ሙሉ ናቸው። አንዱ ከጎደለ ትጮኻለች፤ ኮምፒውተሩም ሚሞሪው ከጎደለበት ጢጥ ጢጥ ጢጥ እያለ ይጮኻል፣ ወረቀቱ ላይ አለ! ሁሉም በየቦታው መሆኑን ስታረጋግጥ አባቴን ትቀሰቅሰዋለች። አባቴ ደግሞ ዊንዶውስ ነው። ተንጠራርቶ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "እንዴት አደራችሁ!" እያለ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው ይባላል። እንግዳ ሲመጣ የሚያየው እሱን ነው። እናቴን ማን አያት? ማንም! እሷ ሁሉን አዘጋጅታ አስረክባው ነው እሱ አስተዳዳሪ የሆነው።

"እማዬ! አንቺ ባዮስ ነሽ!" አልኳት።

"ማን አባቱ ነው እንደሱ ያለኝ?"

አስረዳኋት። እጇን እያደረቀች እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "እና ይሄ ባዮስ የሚሉት ዕረፍት የለውም?" አለች።

"የለውም። ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ነው።"

"ምስኪን" አለች። ፎጣውን ሰቅላ ጨመረችበት፦ "አባትሽን ዊንዶውስ ነህ እንዳትዪው፤ ይኮራብናል።"

ግን ዋናው ነገር ከዚህ ነው የሚጀምረው። ባዮስ ለማን እንደሚያስረክብ በራሱ አይወስንም፤ የተራ ዝርዝር አለው። "መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩን ሞክር" ከተባለ እዚያ ይሄዳል፤ ዊንዶውስ የሚተኛው እዚያ ነው። "መጀመሪያ ፍላሹን ሞክር" ከተባለ ግን እናቴ አባቴን ከመቀስቀሷ በፊት የእንግዳ ክፍሉን አንኳኩታ "ቤቱን የምታስተዳድረው አንተ ነህ?" ትላለች ማለት ነው። እንግዳ ከሌለ ችግር የለም፤ አልፋ አባቴ ጋ ትሄዳለች። ነገር ግን ውስጥ አንድ እንግዳ ካለ፣ ያውም ስለ ቤቱ አንዲት ነገር የማያውቅ፣ ዘፈን ብቻ ይዞ የመጣ ከሆነ፣ በሩ ላይ ተገትራ ትቀራለች። አባቴም እንደተኛ ይውላል።

እዚህ ጋ ስደርስ ብድግ አልኩ። ምክንያቱም አክስቴ ቀይ ፍላሽ አላት፤ ውስጡ ዘፈን ብቻ ነው!

ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ይዤ በጠዋቱ ሄድኩና ሱቁን ከፈትኩ። ጎንበስ ብዬ ከኮምፒውተሩ ኋላ ሳይ ቀዩ ፍላሽ ተሰክቷል፤ ሰው በማያይበት፣ ግድግዳው ሥር። ኮምፒውተሩን አበራሁት። ጥቁር ስክሪን፣ አንድ መስመር እንግሊዝኛ። አነበብኩት። ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? "ዲስኩን አውጥተህ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን" ነው የሚለው! በቃ! ስምንት ወር ሙሉ መድኃኒቱን ግንባሩ ላይ ጽፎ ሲያሳየን ነበር! እኛ ደግሞ ሐኪም እንጠራለን፣ ጋሽ ሾፌር ግፉት ይላሉ።

ፍላሹን ማውጣት ይበቃ ነበር። ግን እኔ ነገር ከጀመርኩ አልመለስም። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ወረቀቱ ላይ እንዳለው ዴሊት የሚለውን ቁልፍ እንደ እብድ ደጋግሜ መታሁ፤ የባዮሱ ሰማያዊ ገጽ ወለል አለ።  ዝርዝሩን አገኘሁት፦ አንደኛ ፍላሽ፣ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ። ገለበጥኩት። ወረቀቱ ደግሞ "ጠንቃቃ ተጠቃሚ ባዮሱን በፓስወርድ ይቆልፋል" ይላል፤ እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ። ፓስወርድ አስገቢ ሲለኝ ጣቴ በራሱ ጊዜ የሆነ ስም ጻፈ፣ መጨረሻው ላይ ሰባት ቁጥር ጨመረ። ስለሱ አላወራም ብያለሁ።

ዘግቼ አስነሳሁት። ፍላሹ እንደተሰካ፣ እልል ብሎ ተነሳ! ብቻዬን ጨፈርኩ።

አክስቴ ስትገባ ፀጉሯን ተሠርታለች። ኮምፒውተሩ በርቶ ስታየው ቆም አለች።

"ማን አስነሳው?"

"ማንም። በራሱ ተነሳ።"

"በራሱ?"

ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። እኔ ደስታ መስሎኝ! አንድ ወር ሳይበላሽ ሲቀር ነው የምነግራት፣ ሰርፕራይዝ ነው የማደርጋት ብዬ አፌን ዘጋሁ። አፌን ዘግቼ የማላውቅ ልጅ ያን ቀን ዘጋሁ።

አንድ ሳምንት አለፈ። ኮምፒውተሩ እንደ ሰዓት ነው። ሁለት ሳምንት። ማመልከቻው ይወጣል፣ ሰልፉ ያጥራል፣ ሁሉም ደስተኛ ነው፤ ከአክስቴ በቀር። አክስቴ ድሮ እየሠራች ታንጎራጉር ነበር፤ ተወች። ዓይኗ በር በሩን ያያል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ኮምፒውተሩን በቀን ሦስቴ አራቴ ታጠፋና ታበራው ጀመር። "ምነው?" ስላት "ይረፍ ብዬ ነው" ትላለች። እኔም "ውይ ስታዝንለት" እላለሁ። እንዲህ ዓይነት ደደብ ነኝ እንግዲህ!

ረቡዕ ዕለት ጋሽ ሾፌር ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው "ሐኪሙ ሊሄድ ነው አሉ" አሉ።

የአክስቴ ጣት ኪቦርዱ ላይ ቆመ። "የት?"

"ሌላ ከተማ። አንድ ትልቅ ድርጅት ቀጥሮታል፣ የኮምፒውተሮቻቸው አለቃ አድርጎ። ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ነው የሚሄደው።"

"ለብዙ ጊዜ?"

"ዕቃውን እየሸጠ ነው ልጄ።"

አክስቴ ስቴፕለሩን አነሳችና ባዶ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ መታች። "ሊሰናበተን እንኳን አልመጣም" አለች።

"ምን ብሎ ይምጣ? በሽተኛ በሌለበት ቤት ሐኪም ምን ይሠራል?"

እኔ ይሄን ሁሉ ሰምቼ ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? "እንኳንም እኔ አስተካከልኩት፤ እሱ ከሄደ ማን ይጠግንልን ነበር?" ብዬ አሰብኩ። አዎ። በራሴ ኮርቼ።

ሐሙስ ጠዋት ስደርስ የሱቁ በር ገርበብ ብሏል፣ ከውስጥ የአክስቴ ድምፅ ይሰማል። ከሰው ጋ የምታወራ መስሎኝ አጮልቄ አየሁ። ብቻዋን ናት። ቀዩን ፍላሽ ነቀለችው። እፍ እፍ አለችበት። መልሳ ሰካችው። ኮምፒውተሩን አበራችና እጇን አጣምራ ጠበቀች። ተነሳ። አጠፋችው። ፍላሹን ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካችው። አበራችው። ተነሳ! ያን ጊዜ የኮምፒውተሩን ጀርባ በጥፊ ጠፍ አድርጋ፣ ልታለቅስ ምንም ሳይቀራት እንዲህ አለች፦

"ተበላሽ እንጂ! ምን አድርጌህ ነው? ለምንድን ነው የማትበላሸው አንተ?"

ክው አልኩ።  ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ፤ የተሠራችው ፀጉር፣ "ድካም ነው"፣ "አያስታውቅብዎትም"፣ የሚያዩት ኪቦርድ፣ ሁሉም!

"አክስቴ..." አልኩ ገብቼ። "ፍላሹን ሆን ብለሽ ነው የምትሰኪው?"

ዘወር አለች። መጀመሪያ ልትክድ ነበር፣ ከዚያ ደከማት መሰለኝ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

"እንግሊዝኛውን አንብበሽው ታውቂያለሽ ማለት ነው?" አልኳት።

"አንቺ ልጅ፣ በቀን ስንት ደብዳቤ የምጽፍ ሰው 'ዲስኩን አውጣ' የሚለው ይጠፋኛል?"

"እና ለምን አታወጪውም ነበር?"

"ላወጣው ነው እንዴ የሰካሁት!"

 ፎቶ ኮፒው አስነጠሰ።

"ደውዪና ናልኝ በይዋ!"

"ምን ብዬ? ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ እኮ ነው። ኮምፒውተሬ ታመመ ማለት አያሳፍርም። እኔ ታመምኩ ልበለው?" ፍላሹን ነቅላ መዳፏ ላይ አገላበጠችው፣ ከዚያ በልማድ ይሁን በተስፋ አላውቅም፣ መልሳ ሰካችው። "ቅዳሜ ሄደ ማለት ሄደ ነው። ደግሞ እሱም ቢፈልግ መንገዱን ያውቀዋል።"

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፈትኩ። ግን ዓይኗን ሳይ ተመልሶ ተዘጋ። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድሬ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ያበላሸሁትን፣ ማለቴ ያስተካከልኩትን፣ መልሼ አበላሸዋለሁ!

ዓርብ ጠዋት ዕድሌ ቀና። አክስቴ ደንበኛ ረስቶት የሄደውን ወረቀት ልትሰጥ መንገድ ተሻገረች። ጋሽ ሾፌር ብቻ ናቸው ያሉት። እንግዲህ ማንኛውም ጤነኛ ሰው መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ያበላሻል፣ ከዚያ ይደውላል። እኔ ግን ደስታው ናላዬን ስላዞረው መጀመሪያ ለሐኪሙ ደወልኩ።

"ጋሼ! ኮምፒውተሩ ታመመ!"

 "ማን ነው የታመመው?"

"ኮምፒውተሩ! በጣም! ጥቁር ሆኗል!"

"መጣሁ።"

እሱ ሲጠራ ሰዓት ይፈጅበታል፣ ሁሌም ሸሚዙን ተኩሶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጊዜ አለኝ ብዬ ኮምፒውተሩን አጠፋሁ፣ የሠራሁትን ልገለብጥ ቁጭ አልኩ፣ ገና ላበራው ጣቴን ስዘረጋ በሩ ላይ ሰው ቆመ። ሐኪሙ! በሩጫ ነው የመጣው፤ ሸሚዙ አንድ ቁልፍ ተዛንፏል፣ ይተነፍሳል፣ ይተነፍሳል። ከኋላው ደግሞ አክስቴ መንገድ ስትሻገር አየችውና እዚያው በሩ ላይ ደረቀች።

"ምነው በደህና?" አለች።

"ታሟል ተብዬ..."

አክስቴ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ሐኪሙ ቁጭ አለ። ዛሬ ጆሮውን እንኳን አልለጠፈም፤ አበራው። ጢጥ አለ፣ አንዴ ብቻ፣ ሁሉም ደህና ነው እንደማለት። ከዚያ ዊንዶውስ እንደ አባቴ ተንጠራርቶ ወጣ።

"ዳነ!" አሉ ጋሽ ሾፌር። "ገና ሲያይህ ዳነ!"

"ደህና ነው እኮ" አለ ሐኪሙ። ከኋላ ጎንበስ አለ። ቀዩን ፍላሽ አየው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አጠፋና አበራው፣ ዴሊቱን መታ፤ ሰማያዊው ገጽ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ፣ ትንሽዬ ሳጥን ወጣች። ፓስወርድ።

እጁ ከኪቦርዱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። "ሌላ ባለሙያ ነክቶታል" አለ።

"ማን?" አለች አክስቴ። "ማንም አልነካውም!"

"የቆለፈው ሰው አለ። ጎበዝ ነው፣ ሥራውን ያውቃል።" ብሎን መፍቻውን ኪሱ ከተተ። "ለነገሩ ጠርጥሬ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኬን ሳይ፣ አይጮኽም። እነዚያ የድርጅቱ ሰዎች ና ይሉኛል፣ እኔ ዛሬ ነገ እላቸዋለሁ። ሌላ ሰው አግኝተዋል ማለት ነው ብዬ ማክሰኞ እሺ አልኳቸው።" ቆመ። "እንግዲህ ደህና ይሁኑ። ሰውየውም... ጎበዝ ነው።"

"ምን ሰውዬ?" ትላለች አክስቴ፣ በሩ ላይ እንደተገተረች። "ምን ሰውዬ ነው የሚሉት?"

ሊወጣ ነው። ሊወጣ ነው! ሁለት እርምጃ ቀረው። ያን ጊዜ አፌ በራሱ ጊዜ ፈነዳ።

"እኔ ነኝ ሰውየው!"

ሁሉም ዞሩ።

"አንቺ?" አለ ሐኪሙ። "ይሄን? እስቲ ፓስወርዱን ንገሪኝ።"

"ራሴ ልጻፈው!"

"ንገሪኝና እኔ ልጻፈው፤ እንዲያ ነው የማምንሽ።"

ጋሽ ሾፌር ሊያዳምጡ ተጠግተዋል። አንድ ደንበኛ ደግሞ በር ላይ ደርሷል። ዓይኔን ጨፍኜ ፊደል በፊደል ተናገርኩት፣ ሙሉ ስሙን፣ ከነሰባቱ። ላብ በላብ ሆንኩ።

"የማን ስም ነው ይሄ?" አለች አክስቴ።

"የ... የአንድ ሳይንቲስት።"

"ሳይንቲስቱ ቁጥር አለው?" አሉ ጋሽ ሾፌር።

ሰማያዊው ገጽ ግን ተከፈተ። ሐኪሙ ዝርዝሩን አየ። አንደኛ ሃርድ ዲስክ፣ ሁለተኛ ፍላሽ።

"ለምን ገለበጥሽው?"

"ተበላሽቶ ስለነበር ነዋ!"

"አልተበላሸም ነበር" አለ።

"አልተበላሸም ነበር" አለች አክስቴም፣ እኩል።

ተያዩ። ኪቦርዱን አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርስ።

"እርስዎ በምን ያውቃሉ?" አለ።

"ፍላሹን የምሰካው እኔ ነኛ። አንተ በምን ታውቃለህ?"

"ፍላሹን መጀመሪያ እንዲያይ ያደረግኩት እኔ ነኛ። ዊንዶውስ የጫንኩለት ዕለት በፍላሽ ነበር፣ መልሼ ማስተካከሉን ረሳሁት።" አንገቱን ደፋ። "ማለቴ የመጀመሪያውን ጊዜ ነው የረሳሁት። ከዚያ በኋላ እንኳን አልረሳሁም።"

 ጋሽ ሾፌር አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩና፣

"እና እኔ ስምንት ወር እዚህ ወንበር ላይ ተጎልቼ ማመልከቻዬን የጠበቅኩት ለዚህ ነው?" አሉ።

 ሐኪሙ ማውሱን ያዘ፣ ለቀቀው። "መልሼ ልገልብጠው?" አለ ቀስ ብሎ። "እንደ ድሮው እንዲሆን?"

አክስቴ ከበሩ ላይ ወደ ውስጥ ገባች። የያዘችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። 

"ተወው። ኮምፒውተሩ ከእንግዲህ አይበላሽም። አንተ ግን ና።"

እናንተዬ!  እንዲህ ዓይነት ነገር ሰው በአካል ይናገራል? ያውም የኔ አክስት!

 የሐኪሙ ፊት እስከ ጆሮው ቀላ። ስልኩን አወጣና "አንድ ጊዜ፣ እነዚያን ሰዎች..." ብሎ በሩ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን መደወል ጀመረ። አክስቴም ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ እጇን ኪቦርዱ ላይ አደረገች።

"በሉ ጋሼ፣ ይንገሩኝ፤ የርስዎን እንጨርስ።"

"እግዜር ይስጥሽ!" ብለው ጋሽ ሾፌር ጉሮሮአቸውን ጠራረጉና ማስጻፍ ጀመሩ። አክስቴ ስትጽፍ ጽሑፉን አታየውም፤ ጆሮዋ የሰማውን ጣቷ ያወርደዋል፣ በዚህም በሰፈሩ የታወቀች ናት። ጋሽ ሾፌር በአንድ ወገን ይናገራሉ፣ በሩ ጋ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፣ እሷ ታክ ታክ ታክ ታደርጋለች። ፕሪንተሩ ወረቀቱን ተፋው። ጋሽ ሾፌር መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ።

"'ጉዳዩ፦ የአገልግሎት ዘመን እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ሳሽከረክር የቆየሁ መሆኔ ተጣርቶ፣ የጎደለብኝ አምስት ዓመት እንዲሟላልኝ እያመለከትኩ፣ በግል ጉዳይ ምክንያት ቅዳሜ መምጣት የማልችል መሆኔን፣ አዎ ጤነኛ እንደሆንኩ፣ ጉዳዩ ምን እንደሆነ አሁን ለመናገር እንደማይመቸኝ፣ አጠገቤ እንዳለች...'"

መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። "ልጄ፣ አጠገቤ ያለችው ማን ናት?"

አክስቴ ወረቀቱን ለመንጠቅ ተንደረደረች፣ ፊቷ ፍም መስሏል። እሳቸው ግን ሽሽት አሉና በጥንቃቄ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

"ተይው፣ ተይው። ስምንት ወር ሙሉ የራሴን ጉዳይ ብቻ አጽፌ ማንም አላነበበልኝም። ይሄን እንኳን ቁጭ ብለው ሳያነቡት አይቀሩም" ብለው መንገዱን ተሻገሩ።